ከኮምፒውተር ጋር ስክራብል፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በስልክ ወይም በላፕቶፕ ከኮምፒውተር ጋር የእንግሊዝኛውን ስክራብል፣ ማለትም ፊደል እያወረዱ ሰሌዳ ላይ ቃል የሚሠሩበትን ጨዋታ፣ ለሚጫወቱ ነው። የጨዋታውን ሕግ ከባዶ አያስተምርም። የእንግሊዝኛ ፊደሎችን በስማቸው ጽፈናል፤ በሰረዝ የተያያዙት አንድ ቃል ናቸው፤ ለምሳሌ «ኪው-አይ» ባለ ሁለት ፊደል ቃል ነው። ሰባቱንም ፊደል በአንድ ተራ አውርዶ የ50 ነጥብ ጉርሻ መውሰድን ሁሉም እንደሚለው «ቢንጎ» ብለነዋል።

ኮምፒውተሩ መዝገበ ቃላቱን ሙሉ በሙሉ ያውቃል። ታዲያ እንዴት ይሸነፋል?

በቃላት ብዛት አይሸነፍም፤ በዚያ በኩል መፎካከሩን ተዉት። እያንዳንዱ ተራ ሁለት ገቢ አለው። አንዱ ወረቀት ላይ የሚመዘገበው ነጥብ ነው። ሌላው መደርደሪያ ላይ የሚቀሩት ፊደሎች ናቸው፤ የሚቀጥለውን ተራ የሚያበላሹትም የሚያሳምሩትም እነሱ ናቸው። ደካማና መካከለኛ ፕሮግራም የመጀመሪያውን ብቻ ያያል። እናንተ ሁለተኛውንም ካያችሁ፣ በየተራው ሁለት ሦስት ነጥብ እየለቀቃችሁለት በጨዋታው መጨረሻ ልትቀድሙት ትችላላችሁ።

ጠንካራው ፕሮግራም ግን ሁለቱንም ያያል። ስለዚህ ከማን ጋር እንደተቀመጣችሁ አስቀድማችሁ እወቁ።

የምጫወትበት ፕሮግራም ስግብግብ ይሁን አርቆ አሳቢ በምን አውቃለሁ?

አምስት ጨዋታ ያህል ተጫወቱና ሦስት ነገር ተመልከቱ። አንደኛ፣ «ኤስ» ሲደርሰው ምን ያደርጋል? ሁለት ሦስት ነጥብ ለመጨመር ብቻ ቃል ጫፍ ላይ የሚለጥፋት ከሆነ ስግብግብ ነው። ሁለተኛ፣ ባዶዋን ፊደል (የማንኛውም ፊደል ምትክ የምትሆነውን) 20 ነጥብ በማትሞላ ቃል ውስጥ ያቃጥላታል? ሦስተኛ፣ አንድም ጊዜ ፊደል ቀይሮ ያውቃል? ነጥብ ብቻ የሚቆጥር ፕሮግራም የሚጽፈው ቃል እስካለው ድረስ አይቀይርም፤ መቀየር ዜሮ ነጥብ ነውና።

ብዙ የስልክ ጨዋታዎች «ቀላል» በሚለው ደረጃ ላይ የሚያደርጉት የኮምፒውተሩን ቃላት መቀነስ ወይም ሆን ብሎ ዝቅተኛ ነጥብ ማስመረጥ ነው። እንዲህ ያለውን ማሸነፍ ደስ ይላል፣ ብዙ አያስተምርም። ለልምምድ የሚሻለው ኳክል የተባለው የላፕቶፕ ፕሮግራም ነው፤ ነጻና ክፍት ምንጭ ነው፤ አንዴ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም። ስግብግቡንም ጠንካራውንም ተጫዋች ከዝርዝሩ መርጦ መግጠም ይቻላል። የኳክል ጠንካራው ተጫዋች ቀላል ባላጋራ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሮንቶ ላይ የ1995ቱን የዓለም ሻምፒዮን ዴቪድ ቦይስን 3 ለ 2 ረትቷል። ከእሱ በፊት ብራያን ሼፐርድ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የሠራው ሜቨን ነበር። ሁለቱም የሚያስቡበት መንገድ ተመሳሳይ ነው፦ ጥቂት ጥሩ አማራጮችን ይለያሉ፤ ከዚያ ያልታዩትን ፊደሎች በዕጣ እያደሉ የሚቀጥሉትን ተራዎች ደጋግመው በውስጣቸው ይጫወታሉ፤ በአማካይ የተሻለ ውጤት ያመጣውን ይመርጣሉ።

«የቀረውን ፊደል እዩ» ማለት በተግባር እንዴት ነው?

መክፈቻው የእናንተ ነው እንበል። መደርደሪያው ላይ ኤፍ፣ አር፣ ኢ፣ ኤ፣ ኬ፣ ኤስ፣ ቲ አሉ። «ኤፍ-አር-ኢ-ኤ-ኬ» የሚለውን ቃል «ኤፍ» መሃለኛው ኮከብ ላይ አርፋ «ኬ» ደግሞ ፊደል እጥፍ የሚያደርገው ካሬ ላይ እንድታርፍ ብታስቀምጡ፦ 4 እና 1 እና 1 እና 1፣ «ኬ» 5 ሆና ስትታጠፍ 10፤ ድምሩ 17። መሃሉ ቃል እጥፍ ስለሆነ 34 ነጥብ። እዚያው ቦታ መጨረሻው ላይ «ኤስ» ከጨመራችሁ 36 ነጥብ።

ስግብግቡ ፕሮግራም 36ን ይወስዳል። እናንተ 34ን ውሰዱ። በሁለት ነጥብ የተገዛችው «ኤስ» በጠንካራ ፕሮግራሞች ስሌት ወደ 8 ነጥብ ታወጣለች። ሌላ ጥቅምም አለ፦ ቃሉ ጫፉ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ «ኤስ»ዋ ደግሞ እጃችሁ ላይ ናት፤ በሚቀጥለው ተራ ወደታች የሚወርድ ረጅም ቃል ልታንጠለጥሉባት ትችላላችሁ።

አደጋው የቱ ጋ ነው? ኮምፒውተሩም ያንን ጫፍ መጠቀም ይችላል። ቃሉ «ኤስ» ብቻ ሳይሆን «ዋይ»ም ይቀበላል። ካላያችኋቸው 93 ፊደሎች ውስጥ የሚገጥሙት 3 «ኤስ»፣ 2 «ዋይ» እና 2 ባዶ፣ በጠቅላላው 7 ናቸው። ኮምፒውተሩ በሰባት ፊደሉ ውስጥ ቢያንስ አንዷን የመያዝ ዕድሉ ከመቶ 43 ገደማ ነው። መያዝ ሌላ፣ ጥሩ ቃል አግኝቶ መጠቀም ሌላ፤ ስለዚህ 34ቱ አሁንም ይሻላል። ስሌቱን ግን አንድ ጊዜ በእጅ መሥራት ይጠቅማል፤ «ክፍት ጫፍ ምን ያህል ያስፈራል» ለሚለው ጥያቄ ዓይን ይሰጣል።

አንድ ትንሽ ነገር ልብ በሉ። ከኮከቡ ቀጥሎ ያረፈችው ፊደል «አር» ናት። ከእሷ በላይና በታች ያሉት ካሬዎች ፊደል እጥፍ ያደርጋሉ። እዚያ ቦታ አናባቢ ብትሆን ኖሮ ኮምፒውተሩ «ኤክስ»ን ከአጠገቧ አስቀምጦ በሁለት አቅጣጫ ባለ ሁለት ፊደል ቃል በመሥራት በአንዲት ፊደል 34 ነጥብ ያህል ሊለቅም ይችል ነበር። አናባቢን ከእጥፍ ካሬ ጎን አለማሳረፍ ጀማሪ ከሚይዛቸው ልማዶች ሁሉ ቶሎ ፍሬ የሚሰጠው ነው።

የትኞቹ ፊደሎች ይቀመጡ፣ የትኞቹ ይጣሉ?

ባዶ ፊደል ከሁሉ ውድ ናት፤ 25 ነጥብና ከዚያ በላይ እንደምታወጣ አስቡ። ያለ ቢንጎ የምትጠቀሙባት ያለ እሷ ከምታገኙት 25 ነጥብ ገደማ የበለጠ ስታስገኝ ብቻ ነው። ቀጥላ «ኤስ» ናት። ከዚያ «ዜድ» እና «ኤክስ» ቢቀሩም አይጎዱም። «ኢ»፣ «አር»፣ «ኤን»፣ «ቲ» ለቢንጎ ግንድ ይሆናሉ። «ቪ»፣ «ደብሊው»፣ «ዩ» እና ብቻዋን የቀረች «ኪው» ሸክም ናቸው።

ከፊደሉ ዓይነት ይልቅ ብዙዎችን የሚያስቸግራቸው ድግግሞሽ ነው። «አይ» አንዷ ጥሩ ናት፣ ሁለት ሲሆኑ ያስቸግራሉ፣ ሦስት ሲሆኑ ተራ ያስበላሉ። ከ100ዎቹ ፊደሎች አናባቢው 42፣ ተነባቢው 56 ነው፤ ስለዚህ ቃል ካወረዳችሁ በኋላ በመደርደሪያው ላይ ከአናባቢው ተነባቢው በአንድ ቢበልጥ ደህና ነው።

ኮምፒውተሩ ያጭበረብራል ወይ? ሁልጊዜ ጥሩ ፊደል የሚደርሰው ለእሱ ነው።

የዚህ ገጽ ዋና ደንበኛ ጥያቄ። ከመፍረድ በፊት ቁጠሩ። ጉልበት ያላቸው ፊደሎች 10 ናቸው፦ 4 «ኤስ»፣ 2 ባዶ፣ «ጄ»፣ «ኪው»፣ «ኤክስ»፣ «ዜድ»። በአማካይ ለአንዱ ተጫዋች 5 ይደርሳል። በአንድ ጨዋታ 7 ለ 3 መሆኑ ምንም አያስገርምም። 20 ጨዋታ መዝግባችሁ የኮምፒውተሩ አማካይ ከ6 በላይ ከወጣ ያኔ ጠርጥሩ።

ግን አንድ ነገር አስተካክሉ፦ ብዙ ፊደል የሚያወርድ ብዙ ያወጣል። እሱ በየተራው አምስት፣ እናንተ አራት ብታወርዱ ከ100ው 56 ያህሉን የሚያወጣው እሱ ነው፤ ከጉልበተኞቹም 5.6 ለእሱ፣ 4.4 ለእናንተ ይደርሳል። ይህ ማጭበርበር አይደለም። ነጥባቸው የተቀራረበ ሁለት ቃል ሲኖራችሁና የሚቀሩት ፊደሎች ተራ ሲሆኑ ረጅሙን ምረጡ፤ የሚቀሩት ጥሩ ሲሆኑ አጭሩን።

በአጭር ቃል ማሸነፍ እንደሚቻል ናይጄሪያዎች አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ፐርዝ ላይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ዌሊንግተን ጂጌሬ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር፤ የአገሩ ተጫዋቾች ረጅም ቃል እያላቸው ባለ አምስት ፊደሉን እየመረጡ ጥሩዎቹን ፊደሎች በመያዝ ይታወቃሉ።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ልተወው?

አትተዉት። የኒውዚላንዱ ተጫዋች ናይጀል ሪቻርድስ ፈረንሳይኛ ሳይናገር እ.ኤ.አ. በ2015 የፈረንሳይኛውን የዓለም ውድድር አሸንፏል። ስክራብል የሚጠይቀው ትክክለኛ አጻጻፍን ነው፤ ትርጉም አይጠየቅም።

ጥናቱን በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። መጀመሪያ ባለ ሁለት ፊደሎቹን ቃላት ሁሉ ያዙ፤ ከ100 ትንሽ ይበልጣሉ፤ በቀን አሥር ቢያዝ በሁለት ሳምንት ያልቃል። ያለ እነሱ ቃልን ከቃል ጎን ለጎን መደርደር አይቻልም፤ የኮምፒውተሩ ነጥብ በብዛት የሚመጣው ከዚያ ነው። ቀጥሎ «ጄ»፣ «ኪው»፣ «ኤክስ»፣ «ዜድ» ያለባቸውን ባለ ሦስት ፊደሎች። ከዚያ ግንዶቹን፦ «አር-ኢ-ቲ-አይ-ኤን-ኤ» እጅ ላይ ካለ «ኤስ» ስትጨመር ሬቲናስ፣ ናስቲየር፣ ሪቴይንስ፣ ስቴይነር ሁሉ ይወጣሉ፤ አራቱም ቢንጎ ናቸው።

ፕሮግራሙ የትኛውን መዝገብ እንደሚጠቀም ከቅንብሩ ውስጥ አረጋግጡ። የሰሜን አሜሪካውና ኮሊንስ የሚባለው ይለያያሉ፤ ኮሊንስ ይሰፋል። «ዜድ-ኦ» በኮሊንስ ያልፋል፣ በአሜሪካው ይመለሳል። በአንዱ አጥንቶ በሌላው መጫወት ያናድዳል።

የእኛ አገር ቃል ይቆጠራል?

የተመዘገበ ከሆነ አዎ፤ ጥቂትም አይደሉም። ብር «ቢ-አይ-አር-አር» ተብሎ 6 ነጥብ፣ ጤፍ «ቲ-ኢ-ኤፍ-ኤፍ» ተብሎ 10፣ ጫት «ኪው-ኤ-ቲ» ተብሎ 12፣ ንጉሥ «ኤን-ኢ-ጂ-ዩ-ኤስ» ተብሎ 6፣ ራስ (ማዕረጉ) 3። በቦረና ሳይንት ተራሮች ላይ የሚውለው ጭላዳ «ጂ-ኢ-ኤል-ኤ-ዲ-ኤ» ነው፤ መጨረሻው ላይ «ኤስ» ሲጨመር ሰባት ፊደል ይሞላና እጥፍ ካሬ ሳይቆጠር 59 ነጥብ ይሰጣል። ንጉሥም ሲበዛ «ኢ-ኤስ» ተጨምሮበት ሰባት ይሆናል፣ 58። «ቢ-ዩ-ኤን-ኤ» ያልፋል፣ ግን መዝገቡ የሚያውቀው ሰው ሠራሽ ጎማ አድርጎ ነው። ደሴ፣ ጦሳ፣ ቦርከና አይቆጠሩም፤ የቦታ ስም ናቸው።

«ኪው» ስትደርሰኝ «ዩ» የለችም። ምን ላድርግ?

«ኪው-አይ» በሁለቱም መዝገብ ይሠራል። «ኪው»ን ፊደል ሦስት እጥፍ በሚያደርግ ካሬ ላይ አሳርፋችሁ ቃሉን በሁለት አቅጣጫ ከሠራችሁ 31 እና 31፣ 62 ነጥብ ነው። ስለዚህ ክፍት «አይ» ከእንዲህ ዓይነት ካሬ ጎን ካያችሁ አንድ ወይም ሁለት ተራ መጠበቅ ያዋጣል። ከዚያ በላይ አትጠብቁ። «ኪው-ኤ-ቲ» እና «ኪው-ኤ-ዲ-አይ»ም አሉ። ከረጢቱ ሊያልቅ ሲል «ኪው» ይዞ መቅረት ሁለት ጊዜ ይቀጣል፦ 10 ከእናንተ ይቀነሳል፣ ለቀደማችሁ ደግሞ 10 ይጨመርለታል፤ ልዩነቱ 20።

መቼ ነው ፊደል የሚቀየረው?

ከረጢቱ ውስጥ ቢያንስ 7 ፊደል ሲኖር ይፈቀዳል። መደርደሪያው ኤ፣ አይ፣ አይ፣ አይ፣ ዩ፣ ዩ፣ ቪ ነው እንበል። «ቪ-አይ-ኤ» ብትጽፉ በመክፈቻው 12 ነጥብ ታገኛላችሁ፣ የሚቀረው ግን ሁለት «አይ» እና ሁለት «ዩ» ነው፤ ቀጣዩም ተራ ሄደ ማለት ነው። «ኤ»ን ብቻ ይዛችሁ ስድስቱን ለውጡ።

እዚህ ላይ የሚበዛው ስህተት ቁጥብነት ነው፤ ሁለቱን ብቻ ቀይሮ መጥፎዎቹን ይዞ መቆየት። ተራውን አንዴ ከከፈላችሁበት የማያስፈልገውን ሁሉ ጣሉ።

እየመራሁ ነው። እንዴት ልጠብቀው?

60 ነጥብና ከዚያ በላይ ከቀደማችሁ ሰሌዳውን ዝጉ። ሰፊ ቃላት ያለው ኮምፒውተር ተመልሶ የሚይዛችሁ በቢንጎ ነው፤ ለቢንጎ ደግሞ መውረጃ መስመር ይፈልጋል። «ኤስ» የማይቀበሉ ቃላት ምረጡ፤ ክፍት መስመር ካለ ትንሽ ነጥብ ከስራችሁም ቢሆን መሃሉ ላይ ግቡበት። ዳሩ ላይ ያሉትን የቃል ሦስት እጥፍ ካሬዎች በተለይ ተጠንቀቁ። በላይኛው መስመር ከጥጉ እስከ መሃሉ ያለው ርቀት ስምንት ካሬ ነው፤ በሁለቱ መካከል አንዲት «ኢ» ብትተዉለት ኮምፒውተሩ ባለ ስምንት ፊደል ቃል ሁለቱንም አስነክቶ በ9 ያባዛል። ሰው ላያየው ይችላል፤ ኮምፒውተር አያልፈውም።

እየተመራችሁ ከሆነ ተቃራኒውን አድርጉ፦ በአንድ ጊዜ ሁለት መስመር ክፈቱ። በአንድ ተራ መዝጋት የሚችለው አንዱን ብቻ ነው።

መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ የምሸነፈው ለምንድን ነው?

ስለማትቆጥሩ። ኮምፒውተሩ ምን እንደቀረ ያውቃል፤ እናንተ ትገምታላችሁ። መፍትሔው አንዲት ወረቀት ናት። ከጨዋታው በፊት 100ውን ጻፉ፦ «ኢ» 12፤ «ኤ» እና «አይ» 9 9፤ «ኦ» 8፤ «ኤን»፣ «አር»፣ «ቲ» 6 6፤ «ኤል»፣ «ኤስ»፣ «ዩ»፣ «ዲ» 4 4፤ «ጂ» 3፤ «ቢ»፣ «ሲ»፣ «ኤም»፣ «ፒ»፣ «ኤፍ»፣ «ኤች»፣ «ቪ»፣ «ደብሊው»፣ «ዋይ» 2 2፤ «ኬ»፣ «ጄ»፣ «ኤክስ»፣ «ኪው»፣ «ዜድ» አንድ አንድ፤ ባዶ 2። ሰሌዳው ላይ የወረደውን ወዲያው ሰርዙ። ባዶዋ የሆነችውን ፊደል ሳይሆን ባዶዋን ሰርዙ፤ ቆጠራ የሚበላሸው በብዛት እዚህ ነው።

ከረጢቱ ባዶ ሲሆን ወረቀቱ ላይ ከቀሩት ውስጥ የእናንተን ቀንሱ፤ የተረፈው የኮምፒውተሩ መደርደሪያ ነው። ያኔ የት ሊያወርድ እንደሚችል አይታችሁ ቦታውን ትይዙበታላችሁ። ከዚያ አስቀድሞ ግን ከረጢቱን ማን ያራቁተው የሚለው ይታሰብ። ያራቆተው ሰው ለተጋጣሚው ቅድሚያ ይሰጠዋል፤ አንድ ወይም ሁለት ፊደል አስቀርታችሁ እሱ እንዲጨርሰው ማድረግ ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ፕሮግራሙ የተሳሳተ ቃል ሲጻፍ ዝም ብሎ ይመልሳል። ችግር አለው?

አለው። እየሞከሩ መገመት ያስለምዳል። በሰው ጨዋታ ቃሉ ተከራክሮ ከወደቀ ተራ ይሄዳል። ሕግ አውጡ፦ አንድ ጊዜ የተመለሰ ቃል ተራ ያሳልፋል። ሰዓትም ያዙ፤ በውድድር ለአንድ ሰው 25 ደቂቃ ነው፣ የስልክ ቼዝ ሰዓት ይበቃል።

ላፕቶፕ ያለው አንድ ሰው ነው፤ መብራትም ይሄዳል።

ኳክል ጨዋታውን በፋይል ያስቀምጣል፤ በየሁለት ሦስት ተራው አስቀምጡ። ለብዙ ሰው ደግሞ ሰሌዳውን በካርቶን ሥሩና የኮምፒውተሩን ቃል አንዱ እያነበበ ያስቀምጥ። ካሬው 2 ሳንቲ ሜትር ሲሆን 15 በ15ቱ 30 በ30 ይወጣዋል። እያንዳንዷ ፊደል 1.8 ሳንቲ ሜትር ትሁን። ቀጭን ካርቶን ላይ በማርከር አትጻፉ፤ ጀርባው ላይ ያስተላልፍና ከረጢት ውስጥ ሳይወጣ ይታወቃል። ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትማችሁ ወፍራም ካርቶን ላይ ብትለጥፉት ይሻላል። 100ውም ከአንድ ካርቶን ይቆረጡ፤ ውፍረቱ ከተለያየ ጣት ይለየዋል።

በአማርኛ ፊደል መጫወት አይቻልም?

በዚህ ሕግ ይከብዳል። 33 ፊደል በ7 ቅርጽ 231 ነው፤ በ100 ፊደል ከረጢት ብዙው አንድ ጊዜም አይደርስም፣ ቃልም በቃል ላይ አይሻገርም። ተነባቢውንና አናባቢውን ለይቶ መሥራት ይቻል ይሆናል፤ ያ ግን ሌላ ጨዋታ ነው፣ የነጥቡም ስሌት እንደ አዲስ መሠራት አለበት።

ከተሸነፍኩ በኋላ ምን ልመልከት?

ጨዋታውን ሁሉ አትመልሱ፤ ጊዜ ይበላል። ኳክል ላይ ፋይሉን ክፈቱና አማራጮችን እንዲያወጣ እዘዙት። የእናንተ ምርጫ ከእሱ ምርጫ ከ10 ነጥብ በላይ የራቀባቸውን ተራዎች ብቻ ለዩ። ከዚያ ጠይቁ፦ ቃሉን አላውቀውም ነበር? አውቀው ነበር ግን ቦታውን አላየሁም? ወይስ የቀረውን ፊደል አልቆጠርኩም? የመጀመሪያው ከሆነ ቃሉን ደብተር ላይ ጻፉ። ሁለተኛው ከሆነ ሰሌዳውን ከላይ ወደታች አምድ በአምድ የማንበብ ልማድ ይጎድላል ማለት ነው። ሦስተኛው ከሆነ ከላይ ያለውን የ34 እና የ36 ስሌት በራሳችሁ ፊደሎች ደግማችሁ ሥሩት።